አራት ስም፣ አንድ ቤተሰብ፦ ከቀፊራ የመጣች እናት የማስታገሻ ፌስታል

ግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው፤ ማክሰኞ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ገደማ። በግንቦት ድሬዳዋ ላይ በዚህ ሰዓት ሰው የሚሄደው ጥላ እየመረጠ ነው። የመድኃኒት ቤታችን በር ላይ ባጃጅ ቆመና አንዲት እናት ወረደች። ሦስት ደረጃ ለመውጣት ሁለቴ ቆማ አረፈች። ባንኮኒውን በሁለት እጇ ተደግፋ ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ ከመቀነቷ ባዶ የኪኒን ስትሪፕ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

«ልጄ፣ ይሄንኑ ስጠኝ። ሁለት አድርግልኝ።»

ስትሪፑ የዳይክሎፌናክ 50 ሚሊግራም ነው። ሴትዮዋን በመልክ አውቃታለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ባዶ ስትሪፕ ተቀብዬ ሙሉውን የሰጠኋት እኔው ነኝ። ያን ቀን ያስቆመኝ እጇ ነው። ብሩን ስትዘረጋልኝ መዳፏ ነጥቶ አየሁት፤ ጥፍሯ ሥር እንኳን ቅላት አልነበረም።

ፋርማሲስት ነኝ። ይህን ጉዳይ የምጽፈው ፈቃዷን ጠይቄ ነው፤ ስሟን አላነሳም፣ ማንነቷን የሚጠቁሙ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለሌለ ያናገርኳት አንቺ እያልኩ ነው፤ እዚህም «እማማ» እያልኩ በዚያው እቀጥላለሁ።

«እማማ፣ እስቲ ቁጭ በይ፣ ግፊትሽን ልለካሽ» አልኳት። መሣሪያው 98 በ60 አለ። የልብ ምቷ በደቂቃ 114።

«ተመስገን!» አለች፤ ፊቷ በራ። «ስንት ወር አልወርድም ብሎኝ፣ ዛሬ ወረደልኝ!»

ያ ደስታዋ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ለወራት 160 እና 170 ሲል የከረመ ግፊት ድንገት ከ100 በታች ሲወርድ፣ ሰውዬው ደግሞ ነጥቶ፣ ልቡም እየሮጠ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሠራ ማለት አይደለም። ከአንድ ቦታ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ስትነሺ ያዞርሻል ወይ ስላት፣ ከአልጋ ስትነሳ ግድግዳ ይዛ እንደምትቆም ነገረችኝ። የሰገራዋን ቀለም ጠየቅኳት። አፍራ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጥቁር ነው፤ እንደ ሬንጅ። ሳምንት ሊሆነው ነው። የበላሁት መስሎኝ» አለች። ሽንትስ? «ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። እሱም ጥቂት።»

ጨጓራሽን ያምሻል ወይ አልኳት። በፍጹም አለች።

በዚያ ቀን የግፊት ክትትል ቀጠሮ ስለነበራት የመድኃኒት ፌስታሏን ይዛው ነበር። ባጃጁን ለመጥራት ስልክ እያነሳሁ፣ ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ እንድትገለብጥልኝ ጠየቅኳት።

የፌስታሉ ውስጥ

መጀመሪያ የወጡት የግፊት መድኃኒቶቿ ናቸው፦ ኤናላፕሪል 20 ሚሊግራምና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም። ቀጥሎ ሁለት ፍሬ የቀረው ሌላ የዳይክሎፌናክ 50 ስትሪፕ ወጣ። ቀጥሎ በፈረንሳይኛ የተጻፈበት የቮልታረን 100 ሚሊግራም ካርቶን፤ ጅቡቲ የሚሠራ የእህቷ ልጅ በባቡር ሲመጣ ያመጣላት ነው። ከዚያ ከአሜሪካ ልጇ የላከችላት የአድቪል ብልቃጥ፣ ቡናማ ፍሬዎቹ ግማሽ ላይ ደርሰዋል። በመጨረሻ በሶፍት ተጠቅልላ አንዲት የመስታወት አምፑል፤ 3 ሚሊሊትር፣ ውስጧ 75 ሚሊግራም ዳይክሎፌናክ።

እማማ ሁሉንም በቦታ በቦታው አስረዳችኝ። «ይሄ ነጩ የጉልበት ነው። ይሄ የጅቡቲው የወገብ፣ ማታ ማታ። ይሄ የልጄ የራስ ምታት። መርፌዋን ደግሞ ሲብስብኝ ሰፈራችን ያለ ልጅ ይወጋኛል።»

ለእሷ አራት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ሥራ አላቸው። ለእኔ ግን ሦስቱ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ቮልታረን የዳይክሎፌናክ የንግድ ስም ነው፣ አምፑሏም ያው ዳይክሎፌናክ ናት። አራተኛው፣ አድቪል፣ ኢቡፕሮፌን ነው። ስሙ ይለይ እንጂ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሥራውም ጉዳቱም በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው። ናፕሮክሲን፣ ኢንዶሜታሲን፣ ሜሎክሲካም፣ ፓይሮክሲካም፣ ኬቶፕሮፌን ሁሉ የዚህ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱን አብሮ መውሰድ ማስታገሻውን እጥፍ አያደርገውም፤ የሚያጥፈው ጉዳቱን ነው።

አብረን ደመርን። ጉልበቷ በባሰበት ቀን ባለ 50ውን ሦስት ጊዜ ትውጣለች፤ 150 ሆነ። ማታ ባለ 100ውን ትጨምራለች፤ 250። መርፌ ከተወጋች 75 ይደመራል፤ 325 ሚሊግራም። አንድ አዋቂ በቀን ሊወስደው የሚገባው የዳይክሎፌናክ ጣሪያ 150 ነው። እሷ ከእጥፍ በላይ አልፋ ሄዳለች፤ የአድቪሉን ገና አልቆጠርንም። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ስጽፍላት ዝም ብላ ቆየችና፣ «እኔ እኮ ከአንዱም ከታዘዘው አላለፍኩም» አለች። እውነቷን ነው። ከአንዱም ብዙ አላለፈችም። ድምሩን የሚያይ ሰው ነው የጠፋው።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ በወረቀት ላይ «ጥቁር ሰገራ፣ ግፊት 98/60፣ ምት 114፣ ዳይክሎፌናክ ከመጠን በላይ + ኤናላፕሪል + ሃይድሮክሎሮታያዛይድ» ብዬ ጽፌ፣ ፌስታሏን አስይዤ፣ ከረዳታችን ጋር ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ላክኋት።

ከሰባት ቀን ወደ ሰባት ወር

እማማ 63 ዓመቷ ነው። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ነው የምትውለው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ችኩንጉንያ ድሬን ቤት ለቤት ሲዞራት እሷንም አግኝቷት ነበር። የዚያን ጊዜ ድሬ የነበረ ሰው ያስታውሰዋል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ነበር የሚሄደው። ትኩሳቱ በቀናት ቢለቅም ቁርጥማቱ አንዳንዱ ላይ ወራትና ዓመታት ይቆያል። የእሷ ጣቶችና ቁርጭምጭሚቶች አልለቀቋትም፣ በላዩ ላይ በዕድሜና በሥራ የመጣው የጉልበት መበላት ተጨመረ።

ጥቅምት 2016 ላይ አንድ ሐኪም አያት። ማዘዣውን በኋላ አግኝቼ አይቼዋለሁ፤ ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለ7 ቀን ይላል። ከስድሳ ዓመት በላይ ላለች፣ ግፊትም ላለባት ሴት የጨጓራ መከላከያ ኦሜፕራዞል ቢጨመርበት እመርጥ ነበር። ከዚያ በቀር ትእዛዙ ልክ ነው። ሠርቷልም። በሰባተኛው ቀን ያለ ምርኩዝ ደረጃ ወጣች። ይህን የማነሳው፣ እንዲህ ያለ ታሪክ የሰማ ሰው «ዳይክሎፌናክ መርዝ ነው» ብሎ ስለሚደመድም ነው። መርዝ አይደለም። ለሰባት ቀን ያቺን ሴት ከህመም አሳርፏታል።

ችግሩ የጀመረው በስምንተኛው ቀን ነው። ማዘዣው መድኃኒት ቤት ቀረ፣ በእጇ የቀረው ስትሪፑ ነው። ስትሪፕ ላይ የመድኃኒቱ ስም አለ፣ ጥንካሬው አለ፣ የሚያበቃበት ቀን አለ። «ለ7 ቀን» የሚለው ግን የለበትም። «ከምግብ በኋላ» የሚለውም የለበትም። እኛ መድኃኒት ቤቶች ግን ባዶውን ስትሪፕ እንደ ማዘዣ እየተቀበልን ሰባት ወር ሸጥንላት። ከዚራ ሰፈር ገዝታለች፣ ሳቢያን ሰፈር ገዝታለች፣ ቀፊራ በር ላይ ገዝታለች፣ ከእኔም ገዝታለች። ዳይክሎፌናክ በሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት መሆኑን የማያውቅ ፋርማሲስት የለም። ሁላችንም እናውቃለን። «እኔ ባልሸጥላት ከጎን ያለው ይሸጥላታል» የሚለውን መልስም አውቀዋለሁ፤ እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እማማ ሆስፒታል ከገባች በኋላ ግን ያ መልስ አልዋጥልህ አለኝ።

ሁዳዴ ደግሞ መሐል ገባ። ሁዳዴን ሙሉውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማለች። የጠዋቷን ኪኒን ግን በአንድ ጉንጭ ውኃ ትውጣለች። «መድኃኒት ጾም አይገድፍም» አለችኝ። ኪኒኑ ባዶ ሆድ ላይ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ጊዜ ሲያርፍ ከረመ።

ግፊቱ ለምን አልወርድ አለ?

የዚህ ጉዳይ ዋና ትምህርት ያለው የክትትል ደብተሯ ውስጥ ነው። መስከረም 2016 ላይ ግፊቷ 134 በ82 ነበር፤ የምትወስደው ኤናላፕሪል 5 ሚሊግራም ብቻ። የኩላሊት ምርመራዋ፣ ክሬቲኒን፣ 0.9። ጤነኛ ነው። ታኅሣሥ ላይ 158 በ94 ሆነ፤ ኤናላፕሪሉ ወደ 10 አደገ። የካቲት ላይ 168 በ98፤ እግሯም አብጧል ተብሎ ተጽፏል። ኤናላፕሪሉ 20 ተደረገ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ተጨመረ።

በመስከረምና በታኅሣሥ መካከል የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየቀኑ የሚዋጥ ዳይክሎፌናክ። ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፣ የግፊት መድኃኒትንም ጉልበት ያዳክማል። ግፊቷ የወጣው፣ እግሯም ያበጠው በማስታገሻው ነው። ለዚያ ሲባል ሌላ መድኃኒት ተጨመረ። ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አገላብጬ «ሌላ ምን ትወስጃለሽ?» የሚል ጥያቄ የተጠየቀበት ምልክት አላገኘሁም። እሷም በራሷ አልተናገረችም፤ የጉልበት መድኃኒትን ከግፊት ጋር ምን ያገናኘዋል? በአንድ ጠዋት ስልሳ ሰው የሚያይ ሐኪም ላይ መፍረድ አልፈልግም። ጥያቄው ግን አሥር ሴኮንድ ነው የሚወስደው፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

አሁን ሦስቱ ተገናኙ፦ ኤናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ዳይክሎፌናክ። ይህ ጥምረት በሕክምናው ዓለም በደንብ የታወቀ የኩላሊት ጠላት ነው። ለእማማ በኋላ ያስረዳሁት በሮቶ፣ በውኃ ማጠራቀሚያው፣ ነው፤ ድሬ ላይ ሮቶ የማያውቅ የለም። ኩላሊት ደሙን የሚያጣራው በግፊት ነው፣ ሮቶ ውኃ ወደ ቧንቧ እንደሚልከው። ዳይክሎፌናክ ወደ ማጣሪያው የሚያስገባውን ቧንቧ ያጠባል። ኤናላፕሪል ከማጣሪያው የሚያስወጣውን ቧንቧ ያሰፋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ከሮቶው ውኃ ይቀንሳል። አንዱ ብቻ ቢሆን ኩላሊት ይችለዋል፣ ሁለትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይቋቋማል። ሦስቱም ሆነው ሮቶው ቀድሞውኑ የጎደለ ከሆነ ማጣሪያው ውስጥ ግፊት አይቀርም።

የእማማ ሮቶ ለምን ጎደለ? በግንቦት ፀሐይ ትውላለች። ውኃ ግን አትጠጣም። ለምን ስላት ሳቅ አለችና፣ «ገበያ ውስጥ ሽንት ቤቱ የት ነው? ዕቃዬንስ ለማን ጥዬ ነው የምሄደው?» አለችኝ። ገበያ የሚውሉ ሴቶች ይህን ያውቁታል፤ ማታ ቤት እስኪገቡ አይጠጡም። ከዚያ ወዲህ ለግፊት መድኃኒት ለሚመጡ ነጋዴ እናቶች ሁሉ፣ የትኛውም መጽሔት ላይ ባላነበው፣ «ቀን ውኃ ትጠጫለሽ?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድማለሁ።

«መርፌ እኮ ጨጓራ አይነካም»

ሰፈር ውስጥ መርፌ የሚወጋት ልጅ ለጨጓራዋ አስቦ ነው። ኪኒኑ ጨጓራዋን እንዳያቃጥላት መርፌ ይሻላታል ብሎ ነው። ይህን እምነት በቀን ሦስት አራት ጊዜ እሰማዋለሁ፤ ከተማሩ ሰዎችም ጭምር።

የሚጎዳው የኪኒኑ መንካት ቢሆን ኖሮ እውነት ይሆን ነበር። ግን አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስፕሪንና መሰሎቹ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳይሠሩ እንደሚያግዱ አሳየ፤ በ1982 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ፕሮስታግላንዲን በቆሰለ ጉልበት ላይ ህመምና እብጠት ያመጣል። ያው ንጥረ ነገር ግን ጨጓራ ውስጥ ግድግዳውን ከራሱ አሲድ የሚጠብቀው ልባስ እንዲመረት ያደርጋል፣ ኩላሊት ውስጥ ደግሞ የሚያስገባውን ቧንቧ ከፍቶ ይይዛል። መድኃኒቱ ጉልበት ላይ ያለውን ብቻ መርጦ አያጠፋም። በአፍ ይግባ፣ በመርፌ ይግባ፣ በፊንጢጣ ይግባ፣ በደም ዞሮ ጨጓራ ይደርሳል። ኪኒኑ በአንጀት ውስጥ እንዲሟሟ ተደርጎ መለበጡም ከዚህ አያድንም። ስለዚህ የዳይክሎፌናክ መርፌ ለአጣዳፊ ህመም፣ ቢበዛ ለሁለት ቀን የሚሰጥ ነው፤ እማማ ግን በወር ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በኪኒኑ ላይ ትወጋ ነበር። አንዳንዶች ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ደባልቀው ይወጋሉ። እሱ የደም መፍሰሱን አደጋ ሌላ እርከን ያወጣዋል።

ሌላው ያታለላት ነገር ጨጓራዋ አለማመሙ ነው። ማስታገሻ የጨጓራን ህመምም ያስታግሳል። በዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ የተነሣ የሚመጣ ቁስል ምንም ሳያቃጥል ደርሶ ደም ሊፈስ ይችላል። «አላቃጠለኝም፣ ተስማምቶኛል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ከድሮው ይበልጥ እጠነቀቃለሁ።

ሆስፒታል

የደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢኗ 6.8 ሆኖ ተገኘ። ክሬቲኒኗ 3.1፣ ፖታሲየሟ 5.9። የመጨረሻው ቁጥር ልብን ከምት ሥርዓቱ ሊያስወጣ የሚችል ስለሆነ ሐኪሞቹን ከሁሉም በላይ ያስጨነቃቸው እሱ ነበር። አራቱም ማስታገሻዎች፣ ኤናላፕሪሉና ሃይድሮክሎሮታያዛይዱም በዚያው ሰዓት ቆሙ። ሁለት ከረጢት ደም፣ ግሉኮስና ሌላ ፈሳሽ፣ በደም ሥር ኦሜፕራዞል ተሰጣት። በሦስተኛው ቀን ሽንቷ ጨመረ። ከረጋች በኋላ የደንገጎን ዳገት ወጥታ ሐረር ላይ ጨጓራዋ በኢንዶስኮፒ (ወደ ውስጥ በሚገባ ካሜራ) ታየ፤ ግርጌው ላይ ቁስል አለ፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ተገኘ። የ14 ቀን ሕክምናውን ከኦሜፕራዞል ጋር ጨረሰች። ከስምንት ሳምንት በኋላ ቁስሉ ድኖ ታየ፣ ከቁስሉ የተወሰደው ናሙናም ክፉ ነገር አልተገኘበትም።

ኤች ፓይሎሪ መገኘቱን አንድ ዘመዷ እንደ ምስክር አነሣብኝ፤ «አየህ፣ ባክቴሪያው ነው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም» አለኝ። ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ባክቴሪያው ያላላው ግድግዳ ላይ ዳይክሎፌናክ ሲጨመር የመድማት ዕድሉ ከእያንዳንዳቸው ለየብቻ ይበልጣል። ለዚህም ነው ይህን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ መውሰድ ለሚያስፈልገው ሰው አስቀድሞ ኤች ፓይሎሪን መርምሮ ማከም የሚመከረው።

ጉልበቱስ?

መድኃኒቱን መከልከል ቀላል ነው። ህመሙ ግን አልሄደም፣ ሥራውም አልተለወጠም። ከሆስፒታል ወጥታ ሁለተኛው ሳምንት ላይ መጥታ «ከለከልከኝ፤ እሺ። አሁን በምን ልነሣ?» አለችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልስ ሳይሰጡ ማስታገሻ የሚከለክሉ ሰዎች ናቸው በሽተኛውን ወደ ሰፈር መርፌ የሚመልሱት።

ሐኪሟ ፓራሲታሞል በቀን እስከ 3 ግራም ፈቀደላት። እውነቱን ለመናገር ለተበላ ጉልበት ፓራሲታሞል ብዙ አይሠራም፤ እሷም ነግራኛለች። የተሻለ የሠራው የዳይክሎፌናክ ቅባት ነው። ጉልበት ላይ ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው ኪኒኑ ሲዋጥ ከሚገባው 6 በመቶ ገደማ ነው፤ ቢሆንም በእሷ ኩላሊት ሐኪሙ የፈቀደው ለአንድ ጉልበት፣ ለተወሰኑ ሳምንታት፣ ምርመራ እየተደረገ ነው።

ከሁሉም የጠቀማት ግን ከፋርማሲ የማይገዛ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ቀጥ አድርጋ አምስት ቆጥራ የምትይዝበትን እንቅስቃሴ አሳየቻት፤ በአንድ ጊዜ አሥር፣ በቀን ሦስቴ። ልጇ ደግሞ ያቺን ዝቅተኛ በርጩማ ወርውሮ ከፍ ያለ ወንበር ገዛላት፣ የሽንኩርቱን መደብ በሳጥን ከፍ አደረገላት። የጉልበቷ ህመም ከጠፋው ግማሹ በዚያ ወንበር ነው ብዬ አምናለሁ። ግፊቷ አምሎዲፒን በሚባል ሌላ መድኃኒት ብቻ 136 በ84 ላይ ተቀምጧል። ማስታገሻው ሲቆም ግፊቱም ያለ ብዙ መድኃኒት ወረደ።

እኛ ጋ የተለወጠው

ባዶ ስትሪፕ ማዘዣ አይደለም የሚል ወረቀት ባንኮኒው ላይ ለጥፈናል። አንዳንድ ደንበኛ ተቆጥቶ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ይቆማል። ለቆመው የምንጠይቀው አጭር ነው፤ ግፊት፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ልብ አለብህ? ጨጓራ ደምቶብህ ያውቃል? ሌላ ማስታገሻ እቤት አለ? አስፕሪን ወይም የደም ማቅጠኛ ትወስዳለህ? አስም ካለበትም፣ አስፕሪን ወይም ኢቡፕሮፌን ትንፋሽ አሳጥሮት እንደሆነ። ልቡን ወይም አንጎሉን የደም ሥር መዘጋት ያጠቃው ሰው ከሆነ ዳይክሎፌናክ አይሆነውም፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ2013 በግልጽ አስቀምጧል። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ በተለይ 20 ሳምንት ካለፋት፣ ያለ ሐኪም አንሰጥም፤ የፅንሱን ኩላሊት ስለሚነካ።

በርጫ (የጫት ቁጭታ) ላይ የሚውሉ ወጣቶችን የምጠይቃቸው ሌላ ነው። ጫቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ግፊትና የልብ ምት ያወጣል፤ ባዶ ሆድ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ራስ ምታት ሲይዛቸው ሁለት ፍሬ ይውጣሉ። ዕድሜያቸው እማማን አያክልም፣ መንገዱ ግን ያው ነው።

ለድሬ ሰው በተለይ የምለው አንድ ነገር አለኝ። ትኩሳትና ቁርጥማት ይዞ የመጣን ሰው ዳይክሎፌናክ መውጋት እዚህ ከተማ ላይ ከሌላው ቦታ ይበልጥ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ የሚባለው የትኩሳት በሽታ ድሬ ላይ ተነሥቶ ነበር፣ ከዚያ ወዲህም ተመላልሷል፤ ሲጀምር ከችኩንጉንያና ከወባ በዓይን አይለይም። ደንጊ የደም መርጊያ ሴሎችን ይቀንሳል፣ ዳይክሎፌናክ ደግሞ የቀሩትን ያሰንፋል። ትኩሳቱ ተመርምሮ ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ብቻ።

መርፌ የሚወጋውንም ልጅ ሄጄ አነጋገርኩት። እማማ የደረሰባትን አልሰማም ነበር፤ ሲሰማ ደነገጠ። «ሰው እኮ እያለቀሰ ነው የሚመጣብኝ፣ ምን ልበል?» አለኝ። የሚወስዱትን ፌስታል ሳያይ እንዳይወጋ ተስማማን። ሁልጊዜ ያደርገዋል ብዬ አልምልም። አንድ ቀን ግን ከሰፈሩ አንድ አባት «ልጁ አልወጋም ብሎ ወደ አንተ ላከኝ» ብለው ፌስታላቸውን ይዘው መጥተዋል።

እማማ ቀፊራ ተመልሳለች። ከወንበሯ ሥር ባለ ሁለት ሊትር ውኃ አለ፣ ሽንት ቤት ስትሄድ ዕቃዋን የሚያይላት የጎረቤት መደብ ልጅ አለ። ክሬቲኒኗ ከሆስፒታል ስትወጣ 1.8 ነበር፣ በስድስተኛው ሳምንት 1.2 ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያው ላይ ቆሟል። ወደ 0.9 አልተመለሰም። በየሦስት ወሩ ትለካለች።